አምስቱ ሲለወጡ ቡድኑ ማን ነው?

በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን የስፖርት ቡድኖች ፎቶግራፎች ቆም ብሎ ያስተዋለ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። የማልያው ቀለም አንድ ነው፤ በደረት ላይ የተጻፈውም ስም አንድ ነው፤ ፊቶቹ ግን በየጊዜው ሌላ ናቸው። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ከቀድሞዎቹ አንድ ስንኳ አይገኝም። እንዲህም ሆኖ ሁሉም «ቡድናችን» ይሉታል። «ያን ጊዜ አሸንፈን ነበር» ይላሉ፣ ያን ጊዜ ገና ያልተወለዱት ጭምር። ለመሆኑ ያሸነፈው ማን ነው? ዛሬ «እኛ» የሚሉትስ በምን መብት ነው?

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ይህን ጥያቄ የምናነሣው በአሜሪካ ኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ቡድኖች ምሳሌነት ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጥ ምሳሌ አላገኘንምና። በቅርጫት ኳስ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ የሚሆኑት አምስት ብቻ ናቸው። ጨዋታው ሲከፈት የሚቆሙትን አምስቱን ቋሚ ተሰላፊዎች ሕዝቡ በስማቸው ያውቃቸዋል፤ የቀሩት በተጠባባቂ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ተማሪ ደግሞ ተማሪ ነውና ትምህርቱን ሲጨርስ ይሄዳል። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር እስከ 1972 ድረስ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በዋናው ቡድን እንዲጫወቱ አይፈቀድም ነበር፤ ስለዚህ አንድ ወጣት የነበረው ዕድል የሦስት ዓመት ጨዋታ ብቻ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ እንዲህ ያለው ቡድን ገና ሲመሠረት ጀምሮ ለመለወጥ የተፈረደበት ነው።

ፕሉታርክ የተባለው የጥንት ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ ለብዙ ዘመን ጠብቀው አቆይተውት ነበር። ሳንቃው ሲበሰብስ እያነሡ በምትኩ አዲስና ጠንካራ ሳንቃ ያስገቡ ነበርና፣ ፈላስፎቹ «መርከቡ ያው ነው» በሚሉና «ያው አይደለም» በሚሉ ወገኖች ተከፍለው ተከራከሩ። ምሳሌው ያማረ ነው፤ ለሰው ግን አይበቃም እንላለን። ሳንቃ ሲነሣ አያዝንም፤ አዲሱም ሳንቃ የማንን ቦታ እንደወሰደ አያውቅም። ሰው ግን ያውቃል። ቦታውን የለቀቀው ያውቃል፣ የተቀበለው ያውቃል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውም ከሁሉ ይልቅ ያውቃል። ስለዚህ «ቡድኑ ያው ነው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በስተጀርባ ሌላ የከበደ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እነዚህ ሰዎች አንዱ ለሌላው ምን ዕዳ አለበት የሚለው ነው።

በቺካጎ ከተማ በኢየሱሳውያን ማኅበር የተመሠረተና በቅዱስ ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ ስም የሚጠራ ዩኒቨርሲቲ አለ። የቅርጫት ኳስ ቡድኑ «ራምብለርስ» ይባላል፤ ትርጉሙ ዘዋሪዎች፣ ከአገር አገር የሚንከራተቱ ማለት ነው። (ለዚህ ጽሑፍ ይህን ያህል የሚስማማ ስም ፈልገን ባላገኘን ነበር።) በ1963 የዚህ ቡድን ቋሚ ተሰላፊዎች ጄሪ ሃርክነስ፣ ሌስ ሃንተር፣ ቪክ ራውስ፣ ሮን ሚለርና ጆን ኢገን ነበሩ። ሃርክነስና ሚለር ከኒውዮርክ፣ ሃንተርና ራውስ ከናሽቪል ከአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ኢገን ደግሞ ከዚያው ከቺካጎ የመጡ ነበሩ። ከአምስቱ አራቱ ጥቁሮች ነበሩ።

ዛሬ ይህን ስንጽፍ ተራ ነገር ይመስላል። በዚያን ጊዜ ግን በወረቀት ላይ ያልሰፈረ፣ ሁሉም ግን የሚያውቀው ደንብ ነበር፤ አሰልጣኞች ከተወሰነ ቁጥር በላይ ጥቁር ተጫዋቾችን በአንድ ጊዜ ሜዳ አያስገቡም ነበር። ቁጥሩ እንደ ቦታው ይለያያል፤ ደንቡ ግን በየስፍራው ተከብሮ ይኖር ነበር። አሰልጣኙ ጆርጅ አየርላንድ ይህን ደንብ ጣሰ። ሃርክነስም የጥላቻ ደብዳቤዎች ይደርሱት ጀመር።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እንወዳለን። የአምስት ሰዎች ስም በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ መጻፍ የሙያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ማን ረጅም ነው፣ ማን ፈጣን ነው፣ ማን ኳስ አይጥልም። ነገር ግን ወረቀቷ የምትይዘው የሚገባውን ሰው ስም ብቻ ሳይሆን ያለ በደሉ የተተወውን ሰው ዝምታ ጭምር ነው። ባልተጻፈው ደንብ ምክንያት በየኮሌጁ ስንት ወጣት ከወንበሩ ሳይነሣ ቀርቷል? ቋሚ ተሰላፊዎችን መምረጥ እንግዲህ ፍርድ መስጠት ነው፤ ፍርድም ሲጣመም ብዙ ጊዜ የሚጣመመው በክፉ ሰው እጅ ሳይሆን፣ «ልማዱ እንዲህ ነው» በሚል በደግ ሰው እጅ ነው።

አሰልጣኙ ደንቡን የጣሰው ከፍትሕ ፍቅር የተነሣ ነው ወይስ ከማሸነፍ ፍላጎት? አንዳንዶች ይህን ጥያቄ የሚያነሡት ሥራውን ለማሳነስ ነው። እኛ ግን እንዲህ እናስባለን። ልቡን የሚመረምር እግዚአብሔር ነው፤ ተጫዋቹ ግን በሚገባው ቦታ ላይ ቆሟል። ለማሸነፍ ሲል እንኳ ሰውን እንደ ችሎታው የመዘነ፣ ስሙ እንዳይጠፋ ሲል የሚገባውን ሰው ካስቀረው ይሻላል። ሐሳቡ ንጹሕ ቢሆን ደግሞ የበለጠ መልካም ነበር፤ ይህንንም አንክድም።

በማርች 1963 ሎዮላ በብሔራዊው ውድድር ከሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተመደበ። የሚሲሲፒው ቡድን ተጫዋቾች ሁሉ ነጮች ነበሩ፤ በግዛቱም ጥቁሮች ካሉበት ቡድን ጋር መጫወት እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1959፣ በ1961ና በ1962 ለውድድሩ የሚያበቃ ውጤት አግኝቶ ሳለ፣ ስለዚሁ ምክንያት ዕድሉን ትቷል። በ1959ኙ ቡድን ውስጥ ቤይሊ ሃውል የሚባል፣ በኋላ በሙያው ትልቅ ስም ያተረፈ ተጫዋች ነበር፤ እሱና ጓደኞቹ በዘመኑ ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ተሸንፈው ሳለ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የአድልዎው ደንብ የሚጎዳው የተገፋውን ብቻ ይመስለናል፤ የገፊው ልጆችም በራሳቸው አጥር ውስጥ ታስረው ይቀራሉ።

በ1963 ግን የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዲን ኮልቫርድ ቡድኑ እንዲሄድ ወሰነ። የግዛቱ ገዥ ሮስ ባርኔት ተቃወመ፤ ፍርድ ቤትም ቡድኑ ከግዛቱ እንዳይወጣ የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙ እጃቸው ሳይገባ ፕሬዚዳንቱና አሰልጣኙ በሌሊት ከግዛቱ ወጡ፤ ተጫዋቾቹም በማግሥቱ ተከተሏቸው። በማርች 15 ቀን፣ በሚሺጋን ግዛት በኢስት ላንሲንግ ከተማ፣ ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የሎዮላው አምበል ሃርክነስና የሚሲሲፒው አምበል ጆ ዳን ጎልድ በሜዳው መካከል ተጨባበጡ። የፎቶግራፍ ማንሻዎቹ ብልጭታ አዳራሹን ሞላው። ሎዮላ 61 ለ51 አሸነፈ፤ የሚታወሰው ግን ነጥቡ ሳይሆን ጭብጨባው ነው፤ የእጅ ጭብጨባ ማለታችን ሳይሆን የእጅ መጨባበጡ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የጥያቄያችን ልብ ነው። ሃርክነስ በዚያው ዓመት ትምህርቱን ጨረሰ፤ ሌሎቹም በየተራቸው ሄዱ፤ የ1963ቱ አምስት እንደ አምስት ዳግመኛ አልቆሙም። ጎልድ በ2011 ባረፈ ጊዜ ግን ሃርክነስ ለቀብሩ ሄደ። ከሬሣ ሣጥኑ አጠገብም ያ የመጨባበጥ ፎቶግራፍ ተቀምጦ አገኘው። አሰላለፉ ከፈረሰ 48 ዓመት ሆኖታል፤ በአሰላለፉ ውስጥ የተፈጠረው ግንኙነት ግን አልፈረሰም። በዲሴምበር 2012 ደግሞ ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ያንን ቀን ለማሰብ በቺካጎ እንደገና ተጫወቱ። በዚያ ምሽት ሜዳ የገቡት ተማሪዎች በ1963 አልተወለዱም ነበር፤ ቢሆንም የአባቶቻቸውን ኀፍረትም ክብርም ተሸክመው ገቡ። ማንም «እኛን አይመለከተንም» አላለም። «እኛ አሸነፍን» የሚል ሰው «እኛ በደልን» የሚለውንም አብሮ ሊቀበል ይገባዋል፤ አንዱን ወስዶ ሌላውን መተው አይቻልም። ለእኛ «እኛ» የሚለው ቃል እውነት የሚሆነው ሁለቱን ሲይዝ ነው።

አሁን ወደ ወንበሩ እንመለስ። በዚያው ማርች 23 ቀን ሎዮላ በሉዊቪል ከተማ ለፍጻሜ ከሲንሲናቲ ጋር ተገናኘ። ሲንሲናቲ የ1961ና የ1962 ባለ ድል ነበር። በሁለተኛው አጋማሽ ሎዮላ በ15 ነጥብ ተመርቶ ነበር፤ ቀስ በቀስ ደርሶበት፣ በጭማሪ ሰዓት፣ ራውስ በመጨረሻዋ ቅጽበት ባስገባው ኳስ 60 ለ58 አሸነፈ። በዚህ ጨዋታ የሎዮላ አሰልጣኝ አንድም ተጫዋች አልቀየረም። አምስቱ 45 ደቂቃ ሙሉ ተጫወቱ፤ የቀሩት 45 ደቂቃ ሙሉ ተቀመጡ።

እነዚያ የተቀመጡት ምን ይባላሉ? ባለ ድል ናቸው ወይስ ተመልካች? በ2013 በአሜሪካ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ውስጥ የገባው አምስቱ ብቻ ሳይሆኑ ቡድኑ በሙሉ ነው። መልካም ፍርድ ነው እንላለን። በየዕለቱ ልምምድ አምስቱን ሲገፉ፣ ሲያደክሙ፣ የተቃራኒውን ቡድን አካሄድ እየመሰሉ ሲያለማምዱ የኖሩት እነዚያው ናቸው። ሆኖም ነገሩን በማር ቀብተን ማቅረብ አንፈልግም። መቀመጥ ያማል። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ለበዓል ጥቂት ልጆች መርጣችሁ ፊት ስታሰልፉ የኋለኞቹን ዐይን ማየት ይከብዳል። «ሁላችሁም እኩል ናችሁ» ማለት እውነት ነው፤ ግን ለዚያ ልጅ በዚያች ሰዓት አይበቃውም።

በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ዩሲኤልኤ በጆን ዉደን አሰልጣኝነት ከ1964 እስከ 1975 ባሉት 12 ዓመታት 10 ጊዜ ብሔራዊ ባለ ድል ሆኗል። አሰላለፉ ግን እየተገለባበጠ ነበር፤ በ1971 ካሸነፉት አምስት ቋሚ ተሰላፊዎች በ1972 የቀረው ሄንሪ ቢቢ ብቻ ነበር፤ አዲሶቹም ያደረጓቸውን 30 ጨዋታዎች ሁሉ አሸነፉ። ምሥጢሩን ሲያጠኑ ብዙዎች የሚጠቅሱት አንድ ትንሽ ነገር አለ። ዉደን በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን ወጣቶቹን ካልሲ እንዴት እንደሚለበስና ጫማ እንዴት እንደሚታሰር ያስተምር ነበር፤ እግር እንዳይላጥ። ተጫዋቾቹ ይለወጣሉ፤ ካልሲው ግን በየዓመቱ በዚያው ሥርዓት ይለበሳል። ፈላስፎቹ ያን ያህል የተከራከሩለት የአንድነት ምሥጢር ምናልባት ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሰው ለሰው የሚያስረክበው ትንሽ የዕለት ልማድ ነው።

በዚሁ ቡድን ወንበር ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ተጽፈዋል። ስዌን ኔተር የሚባለው ረጅም ወጣት በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የላቀው ቢል ዋልተን ከፊቱ ስለ ነበረ፣ በኮሌጅ ሳለ አንድም ጨዋታ በቋሚነት አልጀመረም። ሥራው በልምምድ ከዋልተን ጋር መታገል ነበር። ይሁን እንጂ በ1973 የባለሙያዎቹ ማኅበር በመጀመሪያው ዙር መረጠው፤ በኮሌጅ አንድ ጊዜ እንኳ በቋሚነት ሳይሰለፍ እንዲህ የተመረጠ የመጀመሪያው እሱ ነው። ይህን ታሪክ መንገር ደስ ይላል። ሁለተኛው ግን ደስ አይልም። ኤድጋር ሌሲ በ1965 በድል ቡድኑ ውስጥ የነበረ ተጫዋች ነው። በጃንዋሪ 1968 በሂውስተን በተደረገው ታላቅ ጨዋታ አሰልጣኙ በመጀመሪያው አጋማሽ አስወጣውና ዳግመኛ አላስገባውም። ሌሲ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቡድኑን ለቆ ሄደ፤ በዚያው ዓመት የመጣውም ድል ያለ እሱ መጣ። አንደኛውን ትዕግሥተኛ፣ ሁለተኛውን ትዕቢተኛ ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። እኛ ግን አንዘጋውም። ለኔተር ወንበሩ ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ተነግሮት ነበር፤ ለሌሲ ግን ቦታው በሺህዎች ፊት ተወሰደበት። ከሰው ቦታውን መውሰድ ባለሥልጣን የሆነ ሁሉ አንዳንዴ የሚገደድበት ነው፤ እንዴት እንደሚወሰድ ግን ከመውሰዱ ያልተናነሰ ጉዳይ ነው።

በዘመናችን ለውጡ እጅግ ፈጥኗል። የኬንተኪ ዩኒቨርሲቲ በ2012 ባለ ድል ሲሆን ከአምስቱ ቋሚ ተሰላፊዎች ሦስቱ የአንደኛ፣ ሁለቱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ነበሩ፤ አምስቱም በዚያው ዓመት ወደ ባለሙያዎቹ ማኅበር ሄዱ። በተከታዩ ዓመት ኬንተኪ በብሔራዊው ዋና ውድድር ውስጥ እንኳ አልገባም፤ በሁለተኛው ውድድርም በመጀመሪያው ጨዋታ በሮበርት ሞሪስ ተሸነፈ። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ አንድ ተማሪ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲዛወር እንደ ቀድሞው አንድ ዓመት ሳይጫወት መቆየት አይጠበቅበትም፤ በስሙም ገንዘብ ማግኘት ተፈቅዶለታል። አሁን የአምስቱን ስም ደጋፊው ሳያጠናው ዓመቱ ያልቃል።

ይህን የሚያዩ ሽማግሌዎች «ታማኝነት ጠፋ» ይላሉ። ሐዘናቸው ይገባናል። ነገር ግን አሰልጣኞች ከጥንትም ጀምሮ ወደ ተሻለ ደመወዝ ሲሄዱ ማንም አልከለከላቸውም፤ ለተማሪው ብቻ መቆየትን ግዴታ ማድረግ ፍትሕ አልነበረም። ደግሞም የ2018ቱን ሎዮላ እንመልከት። ቋሚ ተሰላፊዎቹ ክሌይተን ከስተር፣ ቤን ሪቻርድሰን፣ ዶንቴ ኢንግራም፣ ማርከስ ታውንስና ካሜሮን ክሩትዊግ ነበሩ። ከስተርና ታውንስ ከሌላ ኮሌጅ ተዛውረው የመጡ ናቸው፤ ከስተር የመጣው ከልጅነት ጓደኛው ከሪቻርድሰን ጋር አብሮ ሊጫወት ነው። ማያሚን 64 ለ62፣ ቴነሲን 63 ለ62፣ ኔቫዳን 69 ለ68 አሸነፉ። የመጀመሪያውን የኢንግራም፣ ሁለተኛውን የከስተር፣ ሦስተኛውን የታውንስ ኳስ ወሰነው፤ በአራተኛው፣ በካንሳስ ስቴት ላይ፣ ሪቻርድሰን 23 ነጥብ አስቆጠረ። በግማሽ ፍጻሜ በሚሺጋን 69 ለ57 ተሸነፉ። መዛወር ሁልጊዜ መክዳት አይደለም፤ አንዳንዴ ሰው የሚዛወረው ወደ ወዳጁ ነው። እኛን የሚያሳስበን መሄዱ ሳይሆን፣ ከመሄድ ብዛት የተነሣ የሚቀበል ሰው መጥፋቱ ነው።

በዚያው በ2018 በሜዳው ዳር በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የሚታዩ የ98 ዓመት መነኩሲት ነበሩ፤ ሲስተር ጂን ዶሎረስ ሽሚት። ከ1994 ጀምሮ የቡድኑ መንፈሳዊ አማካሪ ነበሩ። ከጨዋታ በፊት ከወጣቶቹ ጋር ይጸልያሉ፤ ከጨዋታም በኋላ በኤሌክትሮኒክ መልእክት ይጽፉላቸዋል፤ በወጣትነታቸው በካሊፎርኒያ የልጃገረዶችን ቡድን ያሠለጥኑ ነበርና የጨዋታውንም ነገር ይመክሩ ነበር። የአንድ ቡድን ቋሚ ተሰላፊዎች በእሳቸው ዘመን ስንት ጊዜ ተለወጡ! እሳቸው ግን አዲስ የመጣውን ሁሉ በስሙ ይጠሩት ነበር፤ ለቆመውም ለተቀመጠውም። በ2021 አሰልጣኙ ወደ ኦክላሆማ ሲሄድ እሳቸው በዚያው ቀሩ።

ለአንባቢዎቻችን የምንመልሰው መልስ ቢኖር ወደዚህ ያዘነበለ ነበር፤ ቡድን ያው የሚሆነው ሳንቃዎቹን በስም የሚያውቅ ሰው በመርከቡ ላይ ሲኖር ነው። ነገር ግን መልሱ ራሱ ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ ያ ሰውም ሟች ነውና። ሲስተር ጂን በኦክቶበር 2025 በ106 ዓመታቸው ዐረፉ። የጨዋታው ዘመን ጊዜውን ጠብቆ በኖቬምበር ተከፈተ፤ የአምስት ተማሪዎች ስም ተጠራ፤ እነሱም ወደ ሜዳው ገቡ።